ቀኝ እጅ ላይ የታሰረ ቁጥር

ነርሷ የአሮጊቷን የቀኝ እጅጌ ሰብሰብ አድርጋ አየች፤ ባዶ ነው። የግራውንም አየች፤ እሱም ባዶ ነው። «እማማ፣ ትናንት ያሰርንልዎት ቁጥር የት ደረሰ?» ብትላት አሮጊቷ አንገቷን ደፋች። አጠገቧ የቆመችው ልጇ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ የእናቷን ሹራብ ገልብጣ ፈተሸች፣ ቦርሳዋን አግዳሚው ላይ ዘረገፈች። የወጣው አንድ መሐረብ፣ ባዶ የመነጽር ቤትና ተልሶ የተጠቀለለ ከረሜላ ነው። ነርሷም ክፉ ሆና ሳይሆን ደንብ ይዟት የሚቀጥለውን ሰው ጠራች። ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ገቡ፤ በሩም ተዘጋ።

ለዚያ በር ሰባት ወር ተጠብቋል። የአሮጊቷ ግራ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል፤ ቀኙን ደግሞ ሞራ ሸፍኖታል። ሐኪሙ መብሰሉን ተናግሮ፣ ከዚህ በላይ ከቆየ ግፊት አምጥቶ ዓይኑን ይዞት እንደሚሄድ ነግሯታል። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባል የለ? ልብስ ሰፊዋም አልተጫወተችም። ለካርድ ተሰልፋለች፣ ለምርመራ ተሰልፋለች፣ ለቀጠሮ ተሰልፋለች፤ መኪናዋ ላይ የተጀመረ ሱሪ ትታ ስትሮጥ የደንበኞቿን ግልምጫ ችላለች። በመጨረሻም ትናንት የእናቷ ዓይን ተለክቶ፣ የሚገባላት ሌንስ ተመርጦ፣ ቀኝ እጇ ላይ ጥቁር መስመርና ቁጥር ያለበት ነጭ ላስቲክ ታሰረላት። የአንዱ ሌንስ ለሌላው እንዳይገባ ነው ይህ ሁሉ። ያለዚያ ቁጥር ማንም ወደ ውስጥ አይገባም፤ ሦስት ጊዜ ነግረዋቸዋል።

ታክሲ ውስጥ እናትየው መጀመሪያ «ወልቆ ይሆናል» አለች። ላስቲኩ እንኳን ወልቆ ተጎትቶም አይወጣም። ትንሽ ሄደው «ሳሙና አሟልጮት ይሆናል» አለች።  ሦስተኛው የትራፊክ መብራት ላይ ሲደርሱ አሮጊቷ እጇን በእጇ ይዛ፣ «ወንድምሽ ነው» አለች፤ «ግን አትቆጪው።»

ደሟን ያፈላው የመጀመሪያው ቃል አይደለም፤ ሁለተኛው ነው።

ወንድምየው ቀለም ቀቢ ነው፤ ማለትም ነበር። ሰፈሩ መለከት ይለዋል። ወሬ ሲጀምር መለከት ሳይነፋ ስለማይጨርስ ነው። ድሮ እጁ የተባረከ ባለሙያ ነበር፤ እሱ የቀባው ግድግዳ ላይ የብሩሽ ዱካ ፈልጎ ያገኘ የለም። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ስልኩ ውስጥ አንድ መምህር ገባ። ፊቱን ያየው የለም፤ ማለዳ ማለዳ ድምፁን ይልካል። የት ጎርፍ መጣ፣ የት መሬት ተናወጠ፣ የትኛው መንግሥት ሕዝቡን በካርድ መዘገበ፤ ሁሉንም ከራእይ መጽሐፍ ምዕራፍ ጋር እያዛመደ ያሳያል። ከዚያ ወዲህ መለከት የሳሙና መጠቅለያ ላይ ያለችውን ባለ መስመር ምልክት በጥፍሩ ሳይፍቅ አይታጠብም። አንድ ደንበኛውንም በእሳት ሊነድ ለተቀጠረ ቤት ቀለም ምን ያደርግለታል ብሎ፣ አንዱን ግድግዳ አረንጓዴ ሦስቱን ልስን አድርጎ ጥሎት ሄደ። ሰውዬው ዛሬም እንግዳ ሲመጣበት ፊቱን ወደ አረንጓዴው እንዲያዞር ያስቀምጠዋል አሉ።

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። ልብስ ሰፊዋም ስቃ ታውቃለች።

ትናንት ከሰዓት እሷ ሠላሳ ሁለት የተማሪ ዩኒፎርም ልታስረክብ ስትወጣ፣ መለከት ለእናቱ ሊጸልይ መጣ። እጇን ለመያዝ ሲዘረጋ ላስቲኩን ነካ። አየው፤ መስመር አለው፣ ቁጥር አለው፣ ያለውም ቀኝ እጅ ላይ ነው። ተንበርክኮ አለቀሰ፤ የአውሬውን ምልክት አትመውባት እናቱን በቁሟ ሊወስዷት እንደነበር ነገራት። ከዚያ ከስፌት መኪናው መሳቢያ የክር መቀሱን አውጥቶ ቆረጠው፤ ቆርጦም ከታትፎ ሽንት ቤት ጣለው። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንደሚባለው መሆኑ ነው። እናትየውም እያለቀሰ ስለሆነ አንጀቷ አልቻለም፤ ሌላ ያስሩልኛል ብላ እጅጌዋን ወደታች ሳብ አድርጋ አደረች።

ልብስ ሰፊዋ ታክሲውን መንገድ አስቀየረችው።

መለከት ያለባት ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና በቀለም የጠነከሩ ብሩሾች የተሞላ ባልዲ አላት። ግድግዳው ላይ በትልቁ ቁጥር እየሰጠ የጻፈው የምልክቶች ዝርዝር አለ፤ ሃያ ሦስት ደርሷል። እጁ አሁንም ያምራል፣ ፊደሉ ልክ እንደ ታተመ ነው። ይህም አናደዳት። ጆሮው ላይ የለጠፈውን ስልክ ሳያወርድ «እታለም፣ እንኳን መጣሽ» አላት፤ በአንድ ቀን እናቱንም ነፍሷንም እንዳዳነ ሰው ፊቱ ፈክቷል።

ምን ያህል እንደሰደበችው መጻፉ አይጠቅምም። ጎረቤቶች በር በራቸው ላይ ወጥተው ነበር። ከትንሽነቱ ጀምራ ያዘለችበትን ጊዜ ቆጠረች፣ ሰባቱን ወር ቆጠረች፣ ሐኪሙ ያለውንም ነገረችው። እሱ ሁሉንም በትዕግሥት ሰማ። ይህ ትዕግሥት ነው ሰውን የሚገድለው። ከዚያ፣ በሚመጣው ዓለም የእናታቸው ሁለቱም ዓይኖች እንደሚበሩ፣ ጊዜውም ሩቅ እንዳልሆነ፣ ለጥቂት ወራት ብርሃን ዘላለምን መሸጥ እንደማይገባ በለሆሳስ አስረዳት።

«እኔም አምናለሁ» አለች። «መጽሐፉን አንተ ብቻ ያነበብከው አታስመስል። ያን ስልክ አምጣው እስቲ።»

«ለምን?»

«ክፈተው።»

መለከት እንደ ልማዱ አውራ ጣቱን አስነካው፤ ስልኩ ተከፈተ።

«የትኛው እጅህ ነው?» አለችው።

መለከት የቀኝ እጁን አውራ ጣት አየ። ስልኩን ወደ ግራ እጁ አዛወረና ኪሱ ከተተው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ መለከትም ቢሆን አልለቀቀም፣ ብቻ መዳፉ ትንሽ ላላ። በዚያች ቅጽበት ሸሚዙን ይዛ አወጣችው። «እናትህን ዓይን የነሣሃት አንተ ነህ፣ ለካርድ ክፍሏ ሴትዮ በገዛ አፍህ ትነግራታለህ፤ አንቺ ንገሪያት አትለኝም» አለችው። በንዴት አንደበቷ እየተደነቃቀፈ ነበር።

የካርድ ክፍሏ ሴትዮ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ አዳመጠችው። መለከት አልዋሸም፤ ቆርጬ ጣልኩት፣ ምክንያቴም ይህ ነው አለ። ሴትዮዋ አልተገረመችም። በዚህ ወር አራተኛው መሆኑን፣ አንዱማ የአባቱን ካርድ አቃጥሎ አመዱን ይዞ እንደመጣ ነገረቻቸው። ከዚያ መዝገቡን አገላበጠች። ልኬቱ ፋይሉ ውስጥ ስላለ ሌላ ቁጥር ማተም ይቻላል። ነገ ጠዋት ስኳሩ የጨመረ አንድ ሕመምተኛ ስለቀረ ቦታ አለ፤ ከዚያ ካለፈ ግን የሚቀጥለው ተራ ከአምስት ወር በኋላ ነው። ሆኖም አንድ ጊዜ ስለተቆረጠ ከሕመምተኛዋ ጋር የሚያድር አንድ አስታማሚ ያስፈልጋል፤ አስታማሚውም ያንኑ ቁጥር እጁ ላይ ያስራል። አንድ ሰው ብቻ። እስከ ምሳ ሰዓት ወስኑ አለቻቸው።

ልብስ ሰፊዋ እጇን ዘረጋች። ዘርግታም ሳትጨርስ ከአግዳሚው ላይ የእናቷ ድምፅ መጣ።

«እሱ ነው የሚገባው።»

«እማዬ፣ ሰማሽ ሴትዮዋ ያለችውን? እጁ ላይ ያስራሉ።»

«ሰምቻለሁ። ዓይኔ ነው የታመመው። እሱ ካላሰረ እኔም አላስርም።»

ይኼኔ ነው የልብስ ሰፊዋ ንዴት ወንድሟን ትቶ ወደ እናቷ የዞረው። ይህችን አንድ ዓይን፣ ሰባት ወር ሙሉ እንደ እንቁላል ይዛ ያመጣችላትን ዓይን፣ ሄዳ ሄዳ ለማን ታስይዛለች? ለቆረጠው! እሷ ስትሰለፍ ግድግዳ ላይ ሲጽፍ ለኖረው! ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ልጅ ሳሉም ሳህን የሚሰብረው እሱ፣ ስብርባሪውን የምትለቅመው እሷ፣ እቅፍ ውስጥ የሚገኘው ግን እሱ። ይህን ሁሉ ሳትተነፍስ ተናገረችው። ተራ ጠባቂዎች ሌላ ነገር የሚያዩ መስለው ይሰሙ ነበር።

እናትየው እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ከዚያ ለመለከት ተናገረች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ቢሆንም ልጆቿ ከዚህ ቀደም የማያውቁት ስለት ነበረው።

«ሁለት ዓመት እሁድ እሁድ አነበብክልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አውሬውንና መቅሰፍቱን ብቻ! በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሌላ ገጽ የለም? ዓይኔ ይብራ የምለው ለምን መሰለህ? የምፈልገውን ገጽ እኔ ራሴ ልገልጥ ነው። ያን ምልክት የሚቀበለው ሰው ሰግዶ ነው የሚቀበለው። እኔ ለማን ሰገድኩ? ለዚች ነርስ? ቀኑን መላእክትም አያውቁት ተብሏል፤ የአንተ ስልክ ከየት አውቆ ነው መቀስ ያስያዘህ?»

 መምህሩን ሊጠይቅ ይሁን በልማድ፣ የመለከት እጅ ወደ ኪሱ ሄደ፤ ኪሱ አፍ ላይ ሲደርስ እህቱ እያየችው መሆኑን አየና መለሰው።  ማንም አላገዘውም። ሰዓቱ ለምሳ ሩብ ጉዳይ ነበር።

«በግራ እጅ ይሆናል?» አላት በመጨረሻ፣ የካርድ ክፍሏን ሴትዮ።

«ወንድሜ፣ ከፈለግህ በእግርህም እናስርልሃለን» አለች ሴትዮዋ።

ሲታሰርለት ዓይኑን ጨፈነ። ምንም አልሆነም፤ ጣራው አልተናደም፣ ከኋላው ያለችው ሕፃን እንኳን ብስኩቷን መብላት አላቋረጠችም። ለእናቱም በቀኝ እጇ ታሰረላት። ከዚያ ክንዷን ደግፎ፣ ደረጃውን አንድ፣ ሁለት እያለ እየቆጠረላት ገቡ።

ልብስ ሰፊዋ በሩ ሲዘጋ ቆማ ቀረች። የፈለገችው ሆኗል፤ ለምን ታዲያ ጥርሷን ነክሳለች? እናቷ ከመግባቷ በፊት ጆሮዋ ላይ ጠጋ ብላ የነገረቻትን ታስባለች። «አንቺ ውጭ ብትቀሪ አልፈራም። እሱ ውጭ ቢቀር ግን ነገ የሌላ ሰው እናት እጅ ላይ ይቆርጣል።» እውነት ነው። እውነት መሆኑ ደግሞ ይበልጥ ያንገበግባል። ጥሩ ልጅ መሆን ማለት ውጭ መቅረት ነው ማለት ነው? ቤቷ ሄዳ አንድ ሱሪ ሁለት ጊዜ ሰፍታ ሁለት ጊዜ ተረተረችው።

በማግስቱ እናቷ ተሠራች። ከዚያ ወዲያ ባለው ቀን ጠዋት ጠያቂ ሲፈቀድ ልብስ ሰፊዋ የመጀመሪያዋ ሆና ገባች። ሐኪሙ ፋሻውን ሊፈታላት ጎንበስ ብሏል። መለከት ዓይኑ ቀልቷል፤ የግራ እጁን ሹራቡ ውስጥ ደብቆ አልጋው ራስጌ ቆሟል። እህቱን ሲያያት ወንበሩን ለቀቀላት፤ አልተቀመጠችም።

ፋሻው ተነሣ። አሮጊቷ ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አደረገች፣ እንባዋ ፈሰሰ፣ ሐኪሙ ጠረገላት። መጀመሪያ የሐኪሙን ጣቶች ቆጠረች፤ አልሳተችም። ከዚያ ልጇን አየችና ግር አላት።

«ጥርስህን ማን ወሰደው?»

«ተነቀለ፣ እማዬ። ዓመት ሆነው።»

«ሳትነግረኝ?»

ከዚያ ዞር ብላ ሴት ልጇን አየች። ረጅም ጊዜ አየቻት። ከነገሩ ሁሉ በፊት የምታውቀው ፊት አልነበረም፤ ጸጉሯ ከፊት ሸብቷል፣ በቅንድቦቿ መካከል በቢላ የተሰነጠቀ የሚመስል መስመር ወርዷል፣ አገጯ ጠብቋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅዋን ብቻ ነበር የምትሰማው።

«ለካ ይህን ያህል ነው የተናደድሽው» አለች አሮጊቷ ቀስ ብላ።

«ይህን ያህል ነው።»

«አሁንም አልበረደልሽም?»

«አልበረደልኝም።»

መለከት «እታለም...» ብሎ ሊጀምር ሲል እናቱ እጇን አነሣችበት።

«በይ ቁጭ በይ» አለች ለልጇ። «ያን ቀን በደጅ ሰው እየሰማ ነው የተናገርሽው፤ ግማሹ ቀርቶብሻል። አሁን ጨርሰሽ ንገሪው። ለእኔም የሚሆን ካለሽ አታስቀሪ። እያየሁሽ ልስማው።»

ልብስ ሰፊዋ ወንበሩን ስባ ወንድሟ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ከየት እንደምትነሣ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ ከመጀመሪያው ጀመረች።