የሹሙ ኪስ

የእኔ ሥራ አዲስ ልብስ ማበላሸት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ ብዬ ነው የምመልሰው፤ የሚስቅም ይስቃል፣ የሚያዝንልኝም ያዝንልኛል። የምሠራው ለቴሌቪዥን ድራማ ነው። ታሪኩ ዓለም ከጠፋች በኋላ ያለውን ጊዜ ነው የሚያሳየው። ከተሞች ኦና ቀርተዋል፤ የተረፉት አስራ አንድ ሰዎች ከአንድ ግንብ ጀርባ ተጠልለው ይኖራሉ። መብራት የለም፣ ሱቅ የለም፣ ሳሙና የለም። እኔም የተቀጠርኩት ሳሙና ስለሌለ ነው።

ሥራው ከሩቅ እንደሚታየው ቀላል አይደለም። አንድ ሸሚዝ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰው ገላ ያልወለቀ እንዲመስል ለማድረግ ሳምንት ይፈጅብኛል። ሻይ ውስጥ እነክረዋለሁ፣ ፀሐይ ላይ አነጣዋለሁ፣ ክርኑን በሽቦ ብሩሽ እፍቀዋለሁ፣ አንገትጌውን በዘይትና በአመድ አሸዋለሁ። ከዚያ በስልኬ ፎቶ አነሳዋለሁ። የአንድ ትዕይንት ግማሹ ዛሬ፣ ግማሹ ከነገ ወዲያ ሊቀረጽ ይችላል፤ ቀኝ እጅጌ ላይ የነበረ እድፍ በመሃል ጠፍቶ ቢገኝ መሳቂያ መሆናችን ነው።

ዳይሬክተራችንን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ በሥራቸው ከመጡባቸው ግን አይምሩም። በመጀመሪያው ወር ከተራፊዎቹ አንዱን ሰዓቱን ሳላስወልቀው ቀርቼ ከነሚያብለጨልጭ ሰዓቱ ተቀረጸ። እሱን አለፉኝ። ሁለተኛው ጥፋቴ የሹሙ ኪስ ነው።

ሹሙ የምንለው የተራፊዎቹን መሪ ሆኖ የሚጫወተውን ተዋናይ ነው። ከካሜራ ውጪም ሹሙ ነው የምንለው፤ እሱም አልጠላውም። ሐሙስ ዕለት የሚቀረጸው ትዕይንት ላይ የመንደሩን የመጨረሻ ዘር፣ አንድ እፍኝ በቆሎ፣ ሁሉም እያዩት ኮቱ ኪስ ውስጥ ይጨምርና ቀስ ብሎ እየተራመደ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ኮቱን ላስረጅ ብዬ ኪሱን ቀድጄው ኖሯል። ሁለት እርምጃ ሳይሄድ በቆሎው በሱሪው በኩል ዝርግፍ አለ። ስድስት ጊዜ ሞከሩት። በሰባተኛው፣ የምንቀርጽበት የድሮ ጡብ ፋብሪካ ዘበኛ የሚያረባቸው ዶሮዎች ወሬውን ሰምተው ኖሮ፣ ተሰልፈው ሹሙን ይከተሉት ጀመር። ሁሉም ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጋሼ አልሳቁም።

ወደ ጥግ ወሰዱኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩኝ። "ቅዳሜ እንጨርሰዋለን። ኪሱን ስፊው፤ ሌላውን ክር እንኳ እንዳትነኪ። ሦስተኛ ጥፋት ካየሁ ግን ሌላ ሰው እፈልጋለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።"

የዕቃ ክፍላችን ጣሪያ ስለሚያፈስ የአስራ አንዱንም ሰዎች ልብስ በሁለት ጆንያ ጠቅጥቄ ቤቴ ወሰድኩት። ዓርብ ጠዋት ደግሞ ያረጁ ጫማዎች ፍለጋ ወጣሁ። ኪሱን ስመለስ እሰፋዋለሁ አልኩ፤ አምስት ደቂቃ የማይወስድ ነገር ነው።

ቤት ውስጥ እናቴ አለች። ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል ልብስ ስታጥብ ኖራ ጡረታ ወጣች፤ እኔ ጋ ከመጣች ሁለት ወሯ ነው። እንደ መጣች ቁርጥ አድርጌ ነግሬያታለሁ፤ ከእንግዲህ እጅሽን ሰብስበሽ ተቀመጪ፣ ያሳለፍሽው ይበቃል ብያታለሁ። እንደዚያ ማለቴ ለእሷ ማሰብ መስሎኝ ነበር። የምሠራውን ሥራ ግን በቅጡ አስረድቻት አላውቅም። ቴሌቪዥን የሚባል ቦታ ሰዎችን እንደማለብስ ብቻ ነው የምታውቀው።

ስምንት ሰዓት ላይ የግቢውን በር ከፍቼ ስገባ ከዳር እስከ ዳር ልብስ ተሰጥቷል። መጀመሪያ የጎረቤት መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አለፍኩ። ከዚያ አንድ ኮት ዓይኔን ያዘው፤ የሹሙ ኮት። አመዴ ቡን አለ። አስራ አንዱም ታጥቧል፣ የተቀደደው ተሰፍቷል፣ ክርኑ በክር ተደፍኗል፣ የጎደለው ቁልፍ ተተክቷል፤ ግማሹ ደግሞ ተተኩሶ ማጠፊያው እንደ ቢላ ቆሟል። እናቴ ካውያዋን ይዛ በረንዳው ላይ ቆማ ፈገግ አለችልኝ።

"ሰዎችሽ በቴሌቪዥን እንደዚያ ሆነው ቢታዩ፣ የምታለብሳቸው ልጅ እናት የላትም ወይ አይባልም?" አለችኝ።

"ማን ንኪ አለሽ?" አልኳት። "እጅሽን ሰብስቢ አላልኩሽም?"

ምላሴን ይቁረጠው። እናቴ ካውያውን ነቀለች፣ ገመዱን በሥርዓት ጠቀለለች፣ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ፎቶዎቹን እያየሁ ማስላት ጀመርኩ። አንድ ሸሚዝ ሳምንት ነው፤ እኔ ያለኝ እስከ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ሥራዬ አለቀለት ብዬ ማልቀስ አማረኝ፤ ትንሽም አለቀስኩ።

ስገባ ሻንጣዋን አልጋው ላይ ከፍታ ቀሚሶቿን እያጣጠፈች አገኘኋት። ወንድሜ ቤት እንደምትሄድ ነገረችኝ። "እጅ መሰብሰብ አልሆነልኝም ልጄ። እዚያ ልጆች አሉ፤ የሚያቆሽሹ" አለች። ሳትቆጣ ነው ያለችው፤ እሱ ነው አንጀቴን የበላኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩና ከሁለት ወር በፊት ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ፤ ስልኬን አውጥቼ ሥራዬን አሳየኋት። ሳሙና የሌለበትን ዓለም፣ አስራ አንዱን ሰዎች፣ የእያንዳንዱን እድፍ ቦታና መጠን ሁሉንም ነገርኳት። መነጽሯን አድርጋ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ስታይ ቆየች። መጀመሪያ ያዘነች መስሎኝ ነበር፤ ለካ እያስታወሰች ነው። ይሄ የሻይ ነው፣ በጨው ለቀቀልኝ አለች። ይሄ ዘይትና አመድ ነው፣ ለማስለቀቅ ሁለቴ አሽቼዋለሁ አለች። ይሄ የግራ ብብቱ ላይ ያለው ደግሞ ግማሽ ሰዓት አስለፍቶኛል፣ ምን ቀብተሽው ነው? ጠዋት የታገለችውን እድፍ ሁሉ ከእኔ ፎቶ በላይ ታውቀዋለች።

"ሳምንት ሙሉ በሻይ ምን አደከመሽ?" አለች በመጨረሻ። "እንዳይለቅ የሚያደርገውን ብትጠይቂኝ ኖሮ እነግርሽ ነበር።"

ከዚያ በኋላ እሷ አዛዥ፣ እኔ ታዛዥ ሆንን። የዛጉ ምስማሮች ኮምጣጤ ውስጥ አስነከረችኝ። ከጎረቤት የሙዝ ልጣጭ አስለመነችኝ፤ የሙዝ ውኃ ጨርቅ ከነካ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ስንት አንሶላ አበላሽቶባታል። ዘይቱን ካሸን በኋላ ካውያ ይተኮስበታል፤ እሳት ያየ እድፍ ዕድሜ ልኩን አይለቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት የተዋጋቻቸውን ጠላቶች አንድ በአንድ እየጠራች ታሰልፋቸው ነበር። አንድ ነጭ ሸሚዝ ላይ ዝገት ስታፈስ ግን ዓይኗን ጨፍና "ይቅር በለኝ" ስትለው ሰምቻታለሁ። የሰፋችውንም ሁሉ እንድትተረትር ነገርኳት፤ መቀሷን አንስታ ተረተረች። የተከለቻቸውን ቁልፎች እየቆረጠች አንድ ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቀመች። ፀሐይ ስትገባ አስራ አንዱም ልብስ ቁርጥ ፎቶውን መስሎ ተሰቀለ። ተያይተን ሳቅን። የእናቴ ሻንጣ ግን አልጋው ላይ ክፍቱን እንደ ነበረ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ፎቶውን ይዘው ሹሙን ሦስት ጊዜ ዞሩት። ምንም አላሉም፤ ከእሳቸው ይሄ ምርቃት ነው። ቀረጻው ተጀመረ። ሹሙ በቆሎውን እፍኝ አድርጎ እጁን ወደ ኪሱ ሲወስድ፣ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ኪሱ! በዚያ ሁሉ ትርምስ መሃል ኪሱን ረስቼዋለሁ። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ በቆሎው እስኪዘረገፍ ጠበቅሁ።

ሹሙ አንድ ተራመደ፣ ሁለት ተራመደ። ዶሮዎቹ ከጡብ ክምሩ ጀርባ ብቅ አሉ፤ ትንሽ ተከተሉት፤ መሬቱን ፈተሹ። ምንም ሲያጡ ቅር ብሏቸው ተመለሱ። ሹሙ ትዕይንቱን እስከ መጨረሻው ሄደ።

"ካት!" ብለው ጋሼ ቀረጻውን አስቆሙ። ቀጥ ብለው መጥተው የሹሙን ኪስ ገለበጡት። በውስጥ በኩል ጥቅጥቅ ባለ፣ እንደ ማሽን በተስተካከለ ስፌት ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል። የእኔን ስፌት ያውቁታል።

"ይሄ ያንቺ እጅ አይደለም" አሉ።

መዋሸት እችል ነበር። "የእናቴ ነው" አልኩና ከእጥበቱ ጀምሮ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሦስተኛውን ጥፋቴን በገዛ አፌ እየተናዘዝኩ እንደሆነ መሃል ላይ ገባኝ፤ ግን መመለሻ የለውም። ጋሼ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ካውያው ጋ ስደርስ ሳቁ፤ እኔ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ እናትሽ ሥራ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቂልኝ አሉኝ።

ቤት ስገባ መጀመሪያ የጠየቅኋት ስለ ኪሱ ነው። ሁሉንም ተርትሪ ብዬሽ አልነበር ወይ አልኳት።

"ብለሽኝ ነበር" አለች። "ኪስ ግን ሰው አምኖ አንድ ነገር ያስቀምጥበታል። ደግሞ ከውጪ አይታይም።"

እጇን ያዝኩት። በኮምጣጤና በዝገት ቢጫ ሆኗል። ሰብስቢው ማለቴ እንደሚቆጨኝ፣ ያ እጅ ባይኖር ዛሬ ሥራ ፈት እንደነበርኩ ነገርኳት። ጋሼ ያሉትንም ነገርኳት። እሷም በዚህ ዕድሜዋ የምትቀጠረው ልብስ ለማቆሸሽ መሆኑ በሆስፒታሉ ጓደኞቿ ጆሮ እንዳይደርስ አስማለችኝ።

ከዚያ ተነስታ ቀሚሶቿን ከሻንጣው እያወጣች ቁም ሳጥኑ ውስጥ መስቀል ጀመረች። ከሥር የቁልፎቹ ቆርቆሮ ወጣ፤ ወንድሜ ቤት ልትወስደው ኖሯል። ለምን እንዳልጣለችው ጠየቅኋት።

"ድራማው ሲያልቅ እተክልላቸዋለሁ" አለችኝ። "ዓለም ተመልሳ ስትመጣ እንደዚያ ሆነው አይወጡም።"

ቆርቆሮውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት፤ ባዶውን ሻንጣ አልጋ ሥር ገፋሁት።