ከኮረብታው ወዲያ ያለው ጅረት

ታላቅየዋን ያንገበግባት የነበረው የእህቷ መሬት ሳይሆን የእህቷ ጅረት ነው። አባታቸው ኮረብታውን ለሁለት ሲያካፍላቸው ወዲህኛው ጎን ለእሷ፣ ወዲያኛው ለታናሿ ደረሰ። በሁለቱም በኩል ትንሽ ጅረት ይወርዳል። የታናሿ ጅረት ሥሩ ያለው ጠጠር ቁልጭ ብሎ እስኪታይ ድረስ የጠራ ነው። የታላቅየዋ ግን በጋ በገባ ቁጥር አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይለብሳል።

ታናሿ ጎመን ታበቅላለች፤ ታላቅየዋ ግን ላም አርቢ ናትና ጎረቤቱ ሁሉ ፈረደባት፤ «በእበት አጨማለቀችው» አሉ። አባትየውም እንግዳ ሲመጣ የሚያሳየው የታናሿን ጅረት ነው።

«ሚጣ እኮ ድሮም እጇ ንጹሕ ነው» ይላል።

ታላቅየዋ ለሰው ፊት ፈገግ ትላለች፤ አንጀቷ ግን እርር ድብን ይላል።

አንድ ቀን አንዲት የውሃ መርማሪ የላስቲክ ቦቲዋን አጥልቃ መጣች። ከበረቱ በታች አንድ ጠርሙስ ቀዳች፤ ከዚያ ወደ ላይ ወጥታ፣ ላም የማይደርስበት ምንጭ ላይ ሌላ ደገመች።

«ወዲያኛውንስ አታዪውም?» አለቻት ታላቅየዋ። «ወይስ ቆንጆ አይመረመርም?»

መርማሪዋ ሳቀች። «ይመረመራል እንጂ!» ብላ ተሻገረች።

ውጤቱን ለመስማት እህትማማቾቹ አብረው ሄዱ። መርማሪዋ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጠርሙስ በሞላው ጠረጴዛ ላይ፣ ከየውሃው ትንሽ ትንሽ ቀድታ መድኃኒት ጠብ አደረገችበት። የታላቅየዋ ውሃ ሰማያዊ ሆነ። «አለቀልኝ» አለች በሆዷ።

«ይሄ ፎስፈረስ ነው» አለች መርማሪዋ። «ግን ይመልከቱ፣ ከላሞቹ በላይ የቀዳሁትም ያው ሰማያዊ ነው። የሚመጣው ከድንጋዩ ነው፤ ውሃው እያጠበ ያወርደዋል። እበቱ አላገዘውም አልልም፣ ዋናው ግን ድንጋዩ ነው።»

ቀጥላ ሌላ መድኃኒት ጨመረች። አሁን የታላቅየዋ ውሃ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሲሆን፣ የታናሿ ደማቅ ሮዝ ሆኖ ቁጭ አለ።

«ይሄ ደግሞ ናይትሬት ነው። ጎመኑ ያልተጠቀመበት ማዳበሪያ በዝናብ ታጥቦ ጅረቱ ውስጥ ገብቷል።»

«ታዲያ እንዴት ጠራ?» አለች ታናሿ፣ ክው ብላ።

«አረንጓዴው እንዲበቅል ፎስፈረስም ናይትሬትም ያስፈልጉታል። በእርስዎ በኩል ያለው ድንጋይ ፎስፈረስ አይሰጥም። መጥራቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።»

የታላቅየዋ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ይህን ቃል አባቷ በሰማ!

«ቤት ውስጥ ሕፃን አለ?» ብላ ጠየቀች መርማሪዋ።

ታናሿ ፊቷ አመድ መሰለ። ልጇ በቅርቡ ወልዳለች፤ የሕፃኑ የዱቄት ወተት የሚበጠበጠው በዚያው ውሃ ነው።

«ለሕፃን አይሆንም። ናይትሬትን ማፍላት አያጠፋውም» አለች መርማሪዋ። «የእህትዎ የላይኛው ምንጭ ግን ናይትሬቱ ትንሽ ስለሆነ፣ ከፈላ ይሆናል።»

ታላቅየዋ ስንት ዓመት ያጠራቀመችው ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። መንገድ ላይ ታናሿ እንባዋን ስትጠርግ አየቻትና ዋጠችው። ጥርስ እንደሚነቀል ሰው እየጨነቃት፣ «ከእኔ ምንጭ ቅጂ» አለቻት።

ሕፃኑ ምንም አልሆነም። ታናሿ ማዳበሪያውን ቀነሰች፤ የሚታጠበውን እንዲያስቀርላትም በጅረቷ ዳርና ዳር ሳታርስ ሣር አበቀለች። ይኸኔ ሰው አጨበጨበላት። «ጥፋቷን አምና አረመች፤ ሰው ማለት እንዲህ ነው!» አባትየውም እንግዶቹን ሣሩን ማስጎብኘት ያዘ።

ታላቅየዋ ይህን ስትሰማ ባዶውን የወተት ባልዲ በእርግጫ አለችው። «እኔ ሳላጠፋ ስታማ ኖሬ፣ እሷ አጥፍታ ትመስገን?»

በማግስቱ ላሞቹ ጅረቱ እንዳይገቡ አጥር ማጠር ጀመረች። ታናሿ ጄሪካን ይዛ ለውሃ ስትወርድ አየቻት፤ ጄሪካኗን አስቀምጣ ምሰሶውን ያዘችላት።

«እትዬ፣ አጥሩ ከውሃው አልራቀም?»

«በመሃል የሚበቅለው ሣር ከአንቺ ሣር እንዲሰፋ ብዬ ነው።»

ታናሿ ሳቀች። ታላቅየዋ አልሳቀችም፤ የምሯን ነበር። «ይልቅ ቀጥ አድርገሽ ያዢው» አለቻትና መዶሻውን አነሳች።