ያኛው አልተመለሰም

ሕልሙ የጀመረኝ ጎኔን መውጋት ሲጀምረኝ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ካለው ቤቴ በላይ፣ በባሕር ዛፉ መሃል ጉም ይወርዳል። ከጉሙ አንዲት ሴት ትመጣለች። ፊቷ አይታይም፤ እግሯንም አታነሳም፣ እንደ ውሃ እየፈሰሰች ነው የምትመጣው።

ድሮ ጡቴን ያስቆረጠኝን በሽታ አውቀዋለሁ። እሱም በሕልሜ ይመጣ ነበር፤ እንደ ሰካራም በር እየደበደበ። አስቆረጥሁት፣ መድኃኒቱን በደም ሥሬ ወሰድሁ፣ እንጦጦ ወጥቼ ተጠመቅሁ። ከዚያ ጠበሉ ግቢ ሕዝብ ፊት ቆሜ «ለቆኛል» ብዬ መሰከርሁ። ሰርክ የምትባል ጎረቤቴ ሰማችኝ። የጡቷን እብጠት ከባሏ እንኳ ደብቃ ነበር። በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄደች፤ ይኸው ዛሬም አለች።

አሁን ደግሞ ጉበቴ ላይ እብጠት ተገኘ። ልጄ ሰገነት አለቀሰች።

«እማዬ፣ ተመልሶ ነው።»

«ሲመለስ አየሽው? በር ላይ ቆመሽ ነበር?»

ሰርክም ወሬው ደረሳት። ከክትትል ቀጠሮዋ ቀረች። «እሳቸውን ካልለቀቀ እኔን ሊለቅ ነው?» አለች አሉ። ይሄ ከውጋቱ ባሰብኝ።

ጎኔን በመርፌ ወግተው ከጉበቴ ቆንጥረው ወሰዱ። ውጤቱ እስኪመጣ ጉሙ በቀንም ይታየኝ ጀመር። ታክሲው ዳገቱን ሲወጣ ሴትዮዋ ከመስኮቱ ውጭ አብራን ትወጣለች።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ለሰገነት በእንግሊዝኛ ማውራት ጀመረ።

«ጉበቱ የኔ ነው፤ ለኔ ንገረኝ» አልሁት።

አፈረ። «እማማ፣ የጡቱ ካንሰር አይደለም። ይሄ እዚያው ጉበትዎ ላይ የተነሳ ሌላ ነው። ዓይነቱም ብዙ አይገጥመንም።»

«ያኛውስ?»

«ምልክቱም የለ።»

ሰገነት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ሳቅሁ። ያልገባኝ መስሎት ሊደግምልኝ ሲል፣

«ገብቶኛል፣ ከባድ ነው» አልሁት። «ሕክምናውን እናንተ ምከሩበት። እኔ መጀመሪያ የምደርስበት ቤት አለ።»

ሰርክን ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«የካ ሚካኤልን፣ አልዋሸሁሽም። ያኛው አልተመለሰም። ይሄ ሌላ ነው፣ የራሴ ጣጣ። ነገ አብረን እንሄዳለን፤ አንቺ ለቀጠሮሽ፣ እኔ ለአዲሱ።»

«አይፈሩም፣ እትዬ በለጡ?» አለችኝ።

«እፈራለሁ እንጂ። ነገ ደግሞ አርፍደሽ እንዳታስጠብቂኝ።»

ጉሙ ከእንጦጦ እየወረደ ነበር። ከሰርክ ጀርባ ሴትዮዋ መጣችና ፊቷን አዞረችልኝ። አተኩሬ አየኋት። ጨርሶ አላውቃትም።