አፍንጫዋ የከበደ መኪና

ወንድሜ የእሽቅድምድም መኪናውን ከግንብ ጋር ያላተማት ጊዜ አልጋ ላይ ሆኖ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «መሪውን አዞርኩት፤ እምቢ አለችኝ።» አመንኩት። መካኒክ ነኝና ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሞተሯም፣ ባትሪዋም፣ ምኗም ምኗም ፊት ላይ ተከምሮ ኋላዋ ባዶ ነበር። እንዲህ ያለች መኪና በፍጥነት ስትታጠፍ የፊት ጎማዎቿ ሸክሙን አይችሉትም፤ መሪው ቢዞርም እሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች።

የተሰበረ ጎድኑ እስኪድን እኔ አፍንጫዋን ላቀልላት ተነሳሁ። ታላቄ ስለሆነ ጋሼ ነው የምለው። የሰፈር ሰው ግን ጥይቱ ይለዋል፤ አንዴ ከተነሳ የሚያቆመው የለምና። እሱ ግን ከአደጋው ወዲህ ሥራ የሚሄደው በአውቶቡስ ነው፤ ቤትም ውስጥ ካልጠየቁት አይናገርም። ከወር በኋላ አንድ እሑድ ውድድር አለ። ለሰፈሩ ሁሉ «እመለሳለሁ» ብሎ አውርቷል። እኔም እሑድ ከነዳ የድሮው ወንድሜ ይመለስልኛል ብዬ ነው ያን ሁሉ የደከምኩት።

ክብደቱ የሚታወቀው በአራቱ ጎማዎች ሥር ሚዛን ተቀምጦ ነው፤ ቁጥሮቹ አንዲት ትንሽ ስክሪን ላይ ይወጣሉ። መጀመሪያ ሳያት ከመቶው ስልሳ ሁለቱ ፊት ላይ ነበር። ባትሪውን ነቅዬ ወደ ኋላው የዕቃ መጫኛ ወሰድኩት። የብረቱን የሞተር ክዳን አውልቄ ቀለል ባለ ክዳን ቀየርኩት። የሹፌሩን መቀመጫ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ገፋሁት። በተፈጥሮዬ ችኩል ነኝ፤ የባትሪውን ሽቦ አሳጥሬ ቆርጬው እንደገና ስቀጥል ዋልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉት እኔን ነው።

ሲመዘን ታዲያ ሹፌሩ መቀመጫው ላይ መኖር አለበት፤ የሱም ኪሎ ከመኪናዋ ክብደት ይቆጠራል። ግባ ባልኩት ቁጥር ግን ጋሼ ሰበብ አያጣም። አንዴ ጎድኔን ያመኛል ይላል፣ አንዴ ልብሴ ንጹሕ ነው ይላል። በመጨረሻ አሸዋ የተሞሉ ጆንያዎች ተሸክሞ መጣና መቀመጫው ላይ ደርድሮ በቀበቶ አሰራቸው።

«ይኸው እኔ! ኪሎዬ ልክ ነው» አለኝ።

«እንዲያውም ካንተ ይሻላል፤ አይጨቀጭቀኝም» አልኩት።

ጎድኑን የሚያመው ሰው ያን ሁሉ አሸዋ መሸከሙን ልብ እንኳ አላልኩም። ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር። ከጆንያዎቹ ጋር ፊቷ ወደ ሃምሳ አምስት ወረደ። ብቻዬን ጋራዡ ውስጥ ጨፈርኩ።

ውድድሩ ሲቃረብ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠራሁትና «ዛሬ አንተው ግባ» አልኩት። «ጆንያ እግር የለውም። አንተ እግርህን ወደ ፔዳሉ ስትዘረጋ ክብደትህ ወደ ፊት ይሄዳል። ሳላየው ለውድድር አላስወጣህም።»

«አሸዋው ይበቃል።»

«አይበቃም።»

«አንቺ ልጅ፣ ነገ ይሁን በቃ።»

ደሜ ፈላ። «ነገ፣ ነገ! ጥፍሬ እስኪነቀል የሠራሁት ለጆንያ ነው እንዴ? እንግዲያው እሑድ ጆንያው ይንዳት!»

ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አወረደ፣ ገባ፣ ቀበቶውን አሰረ። ስክሪኑ ላይ አጎነበስኩ። ቁጥሮቹ አልረጋ አሉ። የፊት ግራው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል።

«የማይረባ ሚዛን!» ብዬ ሽቦውን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። ያው ነው። «አትነቃነቅ እንጂ ጋሼ!»

«አልተነቃነቅኩም» አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም።

ቀና አልኩ። መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦታል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ሚዛኑ ምንም አልሆነም።

«ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ ያደርገኛል» አለኝ ፊት ፊቱን እያየ። «ታክሲ ውስጥ እንኳ ፊት አልቀመጥም። ፈራሁ። አንቺ ባትሪ ተሸክመሽ ስትሮጪ እያየሁ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

ያን የጆንያውን ንግግር መልሼ ብውጠው ደስ ባለኝ። ዞሬ ሄጄ የወዲያኛውን በር ከፈትኩና ከጎኑ ተቀመጥኩ።

«ምን ታደርጊያለሽ? ሚዛኑ ይበላሻል እኮ!»

«ይበላሽ» አልኩት።

ውጭ ሰው እየተሳሳቀ ያልፋል። ጉልበቱ ላይ እጄን አሳረፍኩ፤ በልጅነታችን ሁሌ ያባርረኝ ነበር፤ ዛሬ አላባረረኝም።

«እሑድስ?» አለኝ።

«እሑድ ቤት ነን።»

«ለሰፈሩ ምን እላለሁ?»

ሥራዬን ያጣጣለብኝን ሰው በዋዛ አልምርም፤ ይህንን እሱም ያውቃል። ቢሆንም «መካኒኳ የመኪናዋን ሚዛን ማስተካከል አቃታት በላቸው» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

እንዳልኩት አወራ። አሁንም የሰፈሩ ሰው ባገኘኝ ቁጥር «ያቺ መኪና አልሆንልሽ አለች አሉ» ይለኛል። በእጄ ካለፉ መኪኖች ሁሉ እንደሷ ያማረልኝ የለም። «አዎ፣ አቃተኝ» እላለሁ።