የአማቷን ስም መጥራት

ሀዎ ፖሊስ ጣቢያ አስተርጓሚነት መለማመድ ከጀመረች ወዲህ አረማመዷ ሁሉ ተቀይሯል። ምን ይደረግ፣ ደስ ብሏታል። አማርኛውን ከድንበር ማዶ ተምራ፣ ስዋሂሊውን እዚሁ ኬንያ ሞያሌ ገበያ ውስጥ ለቃቅማ ነው የመጣችው። የሚያለማምዷት ጃልደሳ ጣቢያው ውስጥ ያረጁ አስተርጓሚ ናቸው፤ ከኦሮምኛ ወደ ስዋሂሊ ያንበለብሉታል፣ አማርኛ ላይ ግን የሉበትም። ከኢትዮጵያ የሚወርደው የጭነት መኪና በመብዛቱ እሷ ተፈለገች። ልምምዱን በደህና ከጨረሰች ቋሚ ትሆናለች። ቋሚ የምትለዋን ቃል ውሃ ስትቀዳ እንኳ ታጉተመትማት ነበር።

አንድ ጠዋት ከመንገድ ሥራ ካምፕ የተሰረቀ ሸራ ከበበው የሚባል ኢትዮጵያዊ ረዳት በሚሠራበት የጭነት መኪና ላይ ተገኘ። ጃልደሳ፣ "ዛሬ ብቻሽን ጠይቀሽ ነይ" ብለው ላኳት። ከበበው ምንም አልደበቀም።

"እህቴ፣ በገንዘቤ ነው የገዛሁት" አላት። "ዋርዮ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው የሸጡልኝ፤ ገበያው በር ላይ የሚቀመጡት።"

ሀዎ ክው አለች። ዋርዮ የባሏ አባት ናቸው። በወገኖቿ በቦረናዎች ወግ ደግሞ ሚስት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ ስሙን የሚመስል ቃል እንኳ ቢያጋጥማት በሌላ ቃል ዞራ ታልፋለች። ካገባች ጀምሮ ያ ስም ካፏ ወጥቶ አያውቅም።

ጃልደሳን ጠጋ ብላ ማማከር ትችል ነበር። "ገና ካሁኑ አቃታት" እንዳይሏት ፈራች። የጣቢያው ሳጅን ፊት ቀርባ፣ "ገበያው በር ላይ የሚቀመጥ ሽማግሌ ነው የሸጠለት" አለች። አልዋሸሁም ብላ ራሷን አጽናናች። ሳጅኑም "ጎበዝ" አላት። ከበበው ሸራውን አስረክቦ ተከታትለው ከሚጓዙት የጭነት መኪኖች ጋር ወደ ኢሲዮሎ ከተማ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ፖሊሶቹ ይዘው የመጡት ግን ቦናያን ነው። ምስኪን ሽማግሌ፣ እዚያው በር ላይ ተቀምጠው ካሮጌ ጎማ ጫማ የሚሠሩ ሰው ናቸው። "እኔ ጎማ እንጂ ሸራ አላውቅም" ይላሉ። ጃልደሳ ይተረጉማሉ፣ ሳጅኑ አያምንም። ሀዎ ጥግ ላይ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ ስትል መሸ፣ ሽማግሌውም እስር ቤት አደሩ።

በማግስቱ ውሃ ስትወስድላቸው መረቋት።

"እንኳን እዚህ ገባሽ ልጄ" አሏት። "ቋንቋ የሚያውቅ የኛ ሰው ሲኖር እንዲህ ያለው ስህተት ይቀራል።"

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሳጅኑ ሽማግሌውን ለምርመራ ሲያስቀርባቸው፣ ማንም ሳይጠይቃት አፏን ከፈተች።

"ሰውየው እሳቸው አይደሉም። ትናንት ስሙ ተነግሮኝ ነበር።"

"ማን?"

"ዋርዮ" አለች። "የባሌ አባት።"

ሳጅኑ የናይሮቢ ልጅ ነው፣ ወጉን ከየት ያውቃል። "ታዲያ ትናንት ምን ያዘሽ?" አለና ዋርዮን የሚያመጣ ፖሊስ ልኮ ቦናያን ፈታቸው።

ጃልደሳ ግን ገብቷቸዋል። ወደ መስኮቱ ወስደው ዝቅ ባለ ድምፅ ተቆጧት።

"እኔ እዚህ ለምን የተጎለትኩ መሰለሽ? የአማቴ ስም ነው ብትይኝ እኔ እጠራልሽ አልነበር? እኔ ራሴ የሚስቴን እናት ስም መጥራት ሲያቅተኝ ለዘበኛው ነግሬ አስጠራለሁ። ሥራው እንዲህ ነው የሚሠራው፣ ሀዎ። አንቺ ብልጥ ለመምሰል ብለሽ ሰው አሳሰርሽ፤ ይኸው ስሙንም ጠራሽው።"

እሳቸውን አንዴ ጠይቃ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ነውር አይደርስም ነበር።

ቦናያ ስዋሂሊ አይገባቸውም፤ ስሙን ግን ሰምተዋል፣ የማን ምራት እንደሆነችም ያውቃሉ። ልክ ከአፏ ሲወጣ ኩታቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ነበር። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ፤ ቀና ብለው ግን አላዩአት።

"አልሰማሁም ልጄ" አሏት። "እኔ ምንም አልሰማሁም።"

ያለ ጥፋታቸው ያሰረቻቸው ሰው የእሷን ነውር ሸፍነውላት ወደ ገበያው በር ሄዱ።