ግፊት ልትለካ የመጣችው ልጅ

ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ የጤና ባለሙያ ነው ያለው ማነው? ልጅቷ በራችንን አንኳኩታ «ቤቶች! ከጤና ጣቢያ ነው» ስትል መጀመሪያ ያየሁት ጋዋኗን ሳይሆን ጫማዋን ነው። የሰፈራችን የአስራ ስምንት ማዞሪያ ጭቃ አልነካውም። ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ጫማ እንዲህ ይጸዳል?

እሑድ ለልጄ ለሌሊሴ ሽማግሌ ሊመጣ ነው፤ ከቤቴል፣ ከሚያገባት ልጅ ከነኃይለመስቀል ቤት። ከሽማግሌ በፊት ደግሞ ሰላይ እንደሚመጣ የማታውቅ እናት የለችም። በዘራቸው የሚጥል በሽታ አለ ወይ፣ አባትየው ይጠጣል ወይ ብሎ የሚያጣራ ማለቴ ነው። እኔ ራሴ ለንግዴ ቅቤ የምታመጣልኝን ሴትዮ ሻጭ አስመስዬ እነሱ ቤት ልኬያት የለ! ጓዳቸውን ሳይቀር አይታ መጥታ ነግራኛለች። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይላሉ፤ ይበሉኝ።

ባሌ ጉተማ በር በያጅ ነው። ያን ዕለት ጨጓራዬ ተነሳ ብሎ ሥራ ቀርቶ ሶፋው ላይ ተጋድሟል።

«ቤተልሄም እባላለሁ፣ እናቴ። የደም ግፊትና የልብ ሕመም ምርመራ ላይ ነን» አለችኝ።

«የየት ሰፈር ነሽ አንቺ?»

«ሥራዬ እዚሁ ነው፣ የምኖረው ቤቴል።»

ቤቴል! በቃ፣ መጣሽልኝ አልኩ በሆዴ። እንዳላባርራት «የሚደብቁት ነገር አላቸው» ብላ ልታወራ ነው። ግቢ አልኳት።

ገብታ ሜትር አወጣችና የጉተማን ወገብ መለካት ጀመረች።

«ሱፍ ልታሰፊለት ነው?» አልኳት።

ሳቀች። «ሆድ አካባቢ የሚጠራቀም ስብ ለልብ አይበጅም ብዬ ነው።»

ከዚያ ጥያቄው ዘነበ። ይጠጣሉ? ያጨሳሉ? ጫትስ? በእግርዎ ይሄዳሉ? ጨው ያበዛሉ? ቅቤስ? እስቲ አሁን የቅቤ ነጋዴ ቤት ተገብቶ ቅቤ ትበላላችሁ ወይ ይባላል? «ለዓመት በዓል ብቻ» አልኳት። ጉተማ ግን ቅቤ ያልነካውን ወጥ ከነሳህኑ ነው የሚመልሰው። አፉን ሊከፍት ሲል ሁሉንም እኔ እየቀደምኩ መለስኩለት።

«ከአባትዎ ወይም ከወንድሞችዎ መካከል ሳይታመም በድንገት የሞተ አለ?» አለችው።

ይኸው! የመጣሽበት ጉዳይ ይኸው! ጉተማ ዞር ብሎ አየኝ። ነገሬና ደሜ የሚባሉ ሁለት ወንድሞች ነበሩት። ነገሬ ሻይ እየጠጣ፣ ደሜ ደግሞ ታክሲ ሊሳፈር እንደተሰለፈ ነው ያለፉት፤ ሁለቱም ሃምሳ አልሞላቸውም። እኛም «መጋኛ መታቸው» ብለን ቀበርን። በሰፈራችን ደህና ውሎ ድንገት የሚሞት ሰው ሁሉ መጋኛ የመታው ነው። ወሬው ቤቴል ከደረሰ ግን «የዚያ ቤት ዘር ዕድሜ የለውም» ነው የሚባለው። ከዚያ በኋላ ልጄን ማን ሊያገባት?

«አንዱ በመኪና፣ አንዱ በወባ» አልኩ፣ ዓይኔን ሳላሽ።

ልጅቷ የጉተማን ክንድ አስራ ግፊቱን ለካች። ፊቷ ልውጥ አለ። ትንሽ አሳረፈችውና ደግማ ለካች።

«በጣም ከፍተኛ ነው። ደረትዎን ይጫንዎታል? ወደ ግራ ክንድዎ የሚወርድ ሕመምስ?»

ማታ ማታ ክንዱን ሲያሽ አይቼዋለሁ። አሁንም ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም በዓይኔ ቆጣ አልኩት።

«ኧረ ጨጓራ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ጨጓራ ላይሆን ይችላል። ዛሬውኑ ይሂዱ፣ ነገ እንዳይሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

«እሺ፣ እሑድ ይለፍና» ብዬ በሩን ከፈትኩላት። ምን ነካት፣ ተረት ልታስተምረኝ ነው እንዴ!

ስትወጣ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ተከተልኳት። ወደ ፌርማታው ከሄደች ወሬውን ይዛ ቤቴል መሄዷ ነው ብዬ ነበር። እሷ ግን ጥቂት ቤቶች አልፋ የጋሽ ቡልቻ ግቢ ገባች። ጋሽ ቡልቻ ማለት የኃይለመስቀል አጎት ናቸው፤ ልጆቹም የተዋወቁት እዚሁ እሳቸው ቤት ነው፤ የእሑዱንም ሽማግሌ የሚመሩት እሳቸው! «ያዝኩሽ!» አልኩና ጆሮዬን ቆርቆሮ አጥሩ ላይ ለጠፍኩ።

«ከነጉተማ ቤት ስትወጪ አይቼሻለሁ» ይላሉ ጋሽ ቡልቻ። «ሰውየው ጤናው እንዴት ነው? እሑድ ዘመድ ልንሆን ነው፤ ለእኔ ብትነግሪኝ ነውር የለውም።»

ጆሮዬን ይበልጥ አስጠጋሁ።

«ታዲያ ዘመድ ሲሆኑ እሳቸውን ይጠይቋቸዋ፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ። «የሰው ጤና ለሌላ ሰው አልናገርም። የእርስዎንም ለማንም አልናገርም። አሁን ክንድዎን ይዘርጉልኝ።»

እዚያው አጥሩ ሥር በቁሜ ሟሟሁ። ስሰድባት፣ ስጠረጥራት የነበረችው ልጅ ከኔ ይልቅ ገመናዬን ሸፈነችው። እውነትም ግፊት ለኪ ናት። ታዲያ ዛሬውኑ ሂዱ ያለችውም እውነት ነው ማለት ነው። ይህን ሳስብ ስልኬ ጮኸ።

«እማዬ፣ የት ነሽ?» አለች ሌሊሴ። «አባዬ መሬት ላይ ተቀምጧል። ላብ አጥምቆታል። ጨጓራዬ ነው ይላል፣ ግን መተንፈስ አቅቶታል!»

ልጅቷን ለብቻዋ ጠርቼ ልንሾካሾክላት? ለዚያ የሚሆን ጊዜ የለም። ጋሽ ቡልቻ ክንዳቸውን አሳስረው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ከተናገርኩ የልጄ ነገር አለቀለት፤ ዝም ካልኩ ጉተማ ያልቃል። በሩን በርግጄ ገባሁ።

«ዋሽቼሻለሁ!» አልኩ፤ ሰፈሩም ይስማ። «ሁለቱም ወንድሞቹ ደህና ውለው በድንገት ነው የሞቱት። ደረቱን ይጫነዋል፣ ግራ እጁን ያመዋል። አሁን ወድቋል። ድረሽልኝ በማርያም!»

ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ሮጠች። ቤት ስንደርስ የሚያደማ ቁስለት እንዳለበት፣ የማይስማማው መድኃኒት እንዳለ ጠይቃ አስፕሪን አስኘከችው። ጋሽ ቡልቻም ቪትዝ መኪናቸውን በራችን ድረስ አመጡ፤ ተሸክመነው ገባን። መንገዱን ሙሉ እግሩን ይዤ «ጉቴ፣ አትተወኝ» እያልኩ አለቀስኩ።

ሆስፒታል እንደደረስን ወደ ውስጥ አስገቡት። ቆይቶ ሐኪሙ ወጣ።

«ልቡ ነው። ትንሽ ብትዘገዩ አይተርፍም ነበር» አለን። «በቤተሰቡ እንዲህ የሞተ አለ?»

«ሁለት ወንድሞቹ» አልኩት።

«እንግዲያው ልጆቹም መታየት አለባቸው» ብሎ ተመለሰ።

ጋሽ ቡልቻ አጠገቤ ነበሩ። ሁሉንም ሰሙ። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡና «እንግዲህ ሰርኬ፣ ለነኃይለመስቀል ምን ብዬ ልንገራቸው?» አሉኝ።

ንድድ አልኩ። ሰው በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ የእሑዱን ያስባሉ? እኔ አፌን ሳልከፍት ሌሊሴ ቀደመችኝ።

«እውነቱን ይንገሯቸው፣ ጋሼ። እኔ ዛሬውኑ እመረመራለሁ። ኃይለመስቀልም መጥቶ ይመርመር። የኔ ብቻ ነው እንዴ የሚጣራው?»

ጋሽ ቡልቻ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። 

«የሱ አባት፣ ወንድሜ» አሉ፣ «በመኪና አደጋ ሞተ ብለናችሁ ነበር። መኪና አልነካውም። ቁርስ እየበላ፣ እንደጎረሰ ነው የቀረው። ልጁ ትንሽ ስለነበር ለሱም እውነቱን አልነገርነውም።»

ልጮህባቸው ተነሳሁ። ግን በምን አፌ? የኔም መኪና ከሳቸው መኪና አይሻልም። ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

ሌሊሴ ስልኳን አውጥታ ደወለች። ጋሽ ቡልቻ እጃቸውን ዘርግተው «ልጄ፣ ተይ፣ እኔ ቀስ ብዬ...» አሉ። አልሰማቻቸውም።

«ኃይሌ፣ የትም ብትሆን አሁኑኑ ና» አለችው። «አይ፣ ስለ እሑዱ አይደለም። ስለ አባትህ ነው።»