ከወዳጅ እጅ የማይዋጥ ክኒን

ከወሰኑ ወዲህም ሆነ ወዲያ ለምትገኙ የሞያሌ ነዋሪዎች፣ ለፍየል ደላሎችና ለራሳቸው ለፍየሎቹም ጭምር፦ የተከበሩ አቶ አብዱብ ጅሎ ለአንድ ወር ያህል አንዲትም ክኒን እንደማይውጡ በታላቅ ትሕትና ይገለጻል።

አዋጁን ያወጀው ራሱ አብዱብ ነው፤ ሆዱን በሁለት እጁ ደግፎ፣ በረቱ ውስጥ ቆሞ። ከፍየሎቹ በቀር የሰማው የለም፤ እነሱም ማመንዠካቸውን አላቋረጡም።

እነ አብዱብ ሰፈር በሽተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅም። ሙዝ የሚያመጣ አለ፤ ወዳጅ ነኝ የሚል ግን ካፕሱል ነው የሚያመጣው፤ ከሳሉ ወይ ከጥርሱ ሕመም የተረፈውን። ሻል ያለው ሰው መድኃኒቱን አይጨርስም፣ ለሚቀጥለው ታማሚ ያስቀምጣል። መጨረስ ስስት ነው። በዚህ ደግነት አብዱብን የሚያህል አልነበረም፤ የሰጡትን ይውጣል፣ ሲሻለው ያካፍላል። ሕመሙ ግን በተመለሰ ቁጥር ብሶ ነው። አሁንማ ወተት እንኳ አላስቀምጥ ብሎታል።

የጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ባለሙያ ካልቱማ ሰገራውን መርምራ፣ በልጁ ስም እየጠራች እንዲህ ብላው ነበር፦

«አባ ዱባ፣ የጨጓራ ባክቴሪያ አለብዎት። ከወዲያም ከወዲህም መድኃኒት እየተቀለበ ያደገ ነው፤ ለምዶታል። ናይሮቢ ሲሄዱ ሐኪሙ በቱቦ ከጨጓራዎ ቅንጣት ሥጋ ይወስዳል። ባክቴሪያውን አራብተው የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይፈትኑበታል። እስከዚያ ወር ሙሉ ክኒን የሚባል እንዳይነኩ! ከነኩ ባክቴሪያው ያደፍጣል፣ በምርመራው አይገኝም፤ እርስዎም ቱቦውን የዋጡት በከንቱ ይሆናል።»

ወሩ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ ከብት ገበያው መሀል ሆዱን ይዞ እንዳጎነበሰ ጎሎ ደረሰበት። ጎሎ የልጅነት ጓደኛው ነው፤ ንግዱንም የጀመሩት ከዳበል መንደር አብረው ፍየል እየነዱ ነው።

«ፖሌ ወንድሜ፣ አይዞህ! ይኸው ዳዋ፤ ከራሴ አፍ ነጥቄ ያቆየሁልህ መድኃኒት።» ቀይና ቢጫ ካፕሱሎች በመዳፉ ዘረጋ።

አብዱብ አያቸው። እውነት ለመናገር፣ አማሩት።

«ይቆየኝ።»

«ለሰርግህ?»

ደላሎቹ ሳቁ፤ ከበቧቸውም።

«አልፈልግም፣ ጎሎ።»

«ምነው፣ ያስደገምኩበት መሰለህ?»

ሳቁ ቆመ። የጎሎ ፊት ጠቆረ።

«በሰው ፊት እጄን መለስክ። ምክንያት ካለህ ተናገር፤ ከሌለህ ከዛሬ ጀምሮ አንተዋወቅም።»

አብዱብ ራሱን ያውቃል። ቢያስረዳ ክርክር ይከፈታል፤ አንዱ የአክስቱን፣ ሌላው የግመሉን ሆድ ታሪክ ያመጣል። በክርክር ደግሞ አንድም ቀን ረትቶ አያውቅም፤ ከተረታ ይውጣል። ጨጓራው እንደ ቢላ ወጋው። እንደምንም ቀና ብሎ የጎሎን ጣቶች በካፕሱሎቹ ላይ አጠፋቸው።

«አልውጥም።»

«ለምን?»

«አልውጥም ብያለሁ። ምክንያቴን ደግሞ አልናገርም።»